ጨጓራ የሌለው እንግዳ

መርካቶ ውስጥ አንድ ሰው ምን እንደሚሸጥ ለማወቅ ሱቁን ማየት አያስፈልግም፤ ምክር መጠየቅ ይበቃል። ጉንፋን ያዘኝ ቢሉ ማር ሻጩ ማር፣ ሽንኩርት ሻጩ ነጭ ሽንኩርት፣ ብርድ ልብስ ነጋዴው ደግሞ ብርድ ልብስ ያዝልዎታል። ምዕራብ ሆቴል አካባቢ ሱቅ ያለው ወዳጄ ከሒሳብ መቀበያው ጎን በመስታወት ገንዳ ጎልድፊሽ ያስቀመጠ ሰሞን ይህ ነገር ይበልጥ ገሀድ ወጣ። “ምን ይብሉ?” ብሎ አፉን ከመክፈቱ ተራ በተራ፣ ማለቴ ከየተራው፣ መካሪ ጎረፈለት።

እህል በረንዳ የሚነግደው ደንበኛው አተር አዘዘ። ዶሮ ተራ የሚውሉት እትዬ “እንቁላል ነው እንጂ ልጄ! ስንት ሕፃን በአስኳል አሳድጌ ዓሣ ያቅተኛል?” አሉ። ከበርበሬ ተራ ጆንያ ሲያመላልስ የዋለው ተሸካሚ ላቡን በክንዱ ጠርጎ ገንዳውን አየና “ጋሼ፣ ትንሽ በርበሬ ጣል ያድርጉበት። ቅላቱ እንዳይደበዝዝ” አለ። ተሳቀበት።

የሚገርመው ሦስቱም ከእውነት አለመራቃቸው ነው። ጎልድፊሽ ተክልም፣ ነፍሳትም፣ ትልም የሚበላ ፍጡር ነው። ተቀቅሎ ልጣጩ የተገፈፈ አተር ብዙ አርቢዎች ይሰጡታል። የተቀቀለ አስኳል ቆንጥሮ በውኃ በጥብጦ ለዓሣ ጫጩት መስጠትም የቆየ ዘዴ ነው። በርበሬውስ? ዓሣ የሚቀላበትን ካሮቲኖይድ የተባለ ንጥረ ነገር ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት፤ ቃሪያ ሲበስል የሚቀላውም በዚሁ ንጥረ ነገር ነው። በጌጥ ዓሦች መኖ ውስጥ የቀይ ቃሪያ ዱቄት የሚገባበት ጊዜ አለ። የእኛ በርበሬ ግን ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከኮረሪማ ጋር የተደለዘ ስለሆነ ገንዳው ውስጥ ቢነሰነስ ዓሣ ማርባቱ ቀርቶ ዓሣ ወጥ መሥራት ይሆናል።

ምግብን በየተራ መከፋፈል ጣናም ላይ አለ። ጣና ገበያን ማለቴ አይደለም፣ ሐይቁን ነው። እኛ በጅምላ “ነጭ ዓሣ” የምንላቸው ላቤኦባርበሶች እዚያ 15 ያህል ዝርያዎች መሆናቸውን የሆላንዶቹ ተመራማሪዎች ናግልከርከና ሲቢንግ አጥንተው ጽፈዋል። 8ቱ ሌላ ዓሣ እያሳደዱ ይበላሉ። የቀሩት የውኃ ተክሉን፣ ቀንድ አውጣውን፣ ነፍሳቱንና በውኃው የሚንሳፈፉትን ደቃቅ ፍጥረታት ተከፋፍለውታል። ጎልድፊሽም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። አያቶቹ ቻይና ውስጥ ከሰው ጋር መኖር ከጀመሩ 1,000 ዓመት አልፏል። ልዩነቱ የጣናው ዘመዱ ያሻውን ፍለጋ ሐይቁን ሲዞር፣ የመርካቶው ከላይ የወረደለትን ይለቅማል። ዓይነት ማቀያየሩ እንግዲህ የጌታው ዕዳ ነው፦ አንድ ቀን ፍሬ ፍሬ መኖ፣ አንድ ቀን አተር፣ አንድ ቀን ቀቀል የተደረገ ቆስጣ፣ ሲገኝ ደግሞ ከበርሜል ውኃ የተጠለለ የቢምቢ እጭ።

ወዳጄ የገዛው መኖ ካርቶኑ ላይ “ስፓይሩሊና አለበት” ተብሎ ተጽፏል። ባሕር ተሻግሮ የመጣው ይህ አረንጓዴ ነገር በሻላ አጠገብ ቺቱ ሐይቅ ላይ ሞልቶ ፍላሚንጎዎች በነጻ ይበሉታል። የመርካቶ ሰው ችርቻሮ መግዛት ሞት ስለሚመስለው ወዳጄም መኖውን በጅምላ አስጫነው። የተከፈተ መኖ ግን ሲቆይ ቫይታሚን ሲው እየጠፋ ይሄዳል፤ በቅናሽ የተገዛው ቀስ በቀስ ገለባ ይሆናል።

ትልቁ ችግር ግን ደግነታችን ነው። ጎልድፊሽ ጨጓራ የለውም። የዋጠው በቀጥታ አንጀቱ ይገባል፤ ስለዚህ የሚሻለው ጥቂት ጥቂት፣ በሁለት በሦስት ደቂቃ የሚያልቅ ምግብ ነው። እኛ ደግሞ እንግዳን “በሞቴ” ሳንል አንለቅም። ዓሣው መስታወቱ ላይ ተለጥፎ አፉን ከፈት ከደን ሲያደርግ ያየ ደንበኛ ሁሉ “ውይ፣ ርቦት!” ይልና ዳቦውን ይፈረፍርለታል። ሻይ የምታመላልሰው ልጅማ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ስትወጣ ትሪው ላይ የቀረውን የአምባሻ ፍርፋሪ በመዳፏ ጠረግ አድርጋ ታራግፍላቸዋለች። የተረፈው ይበሰብሳል፤ ውኃው በአሞኒያ ይመረዛል። ዓሣ በረሃብ ሳይሆን በጉርሻ ይሞታል ማለት ነው።

መፍትሔው የመጣው ከሕንፃው ጥበቃ ነው። አባባ ዱላቸውን ተደግፈው ውኃው ሲደፈርስ ሲያዩ ከርመው “ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ብላችሁ ስትከራከሩ እሰማለሁ። እሱ ራሱስ አይጾምም?” አሉ። ተሳቀ። ግን ብዙ ዓሣ አርቢዎች በሳምንት አንድ ቀን ምግብ መከልከል ይበጃል ይላሉ። ከመካሪዎቹ ሁሉ ከሸቀጥ ጋር ንክኪ የሌላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ችግሩ፣ መርካቶ ውስጥ በነጻ የተሰጠ ነገር ጥራቱ ስለሚያጠራጥር ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረላቸውም። ወዳጄ ግን ካልኩሌተሩን ሳብ አድርጎ በወር የሚተርፈውን መኖ ሲያሰላ ጾሙን እዚያው አወጀ።

አሁን ዓሦቹ ዓርብ ዓርብ ይጾማሉ። ባለሱቁ ዘወር ሲልላት ሻይ የምታመላልሰው ልጅ ታስገድፋቸዋለች እንጂ።