ለጠርጣራው አባት የቀረበ ጥብቅና

በአማርኛ ቴአትርና ዘፈን ውስጥ የልጃገረድ አባትን ያህል ስሙ የጠፋ ሰው ማግኘት ያስቸግራል፤ ሁለት ወጣቶች ሲዋደዱ ከዘራውን ተደግፎ በመካከላቸው የሚቆመው፣ ሽማግሌ ሲመጣ ፊቱን የሚያጠቁረው፣ «የማን ልጅ ነው? ምንስ አለው?» እያለ ፍቅርን እንደ ከብት ገበያ የሚመረምረው እርሱ ስለሆነ፣ ተመልካቹ መጋረጃው ሳይገለጥ ፈርዶበት ይቀመጣል። ይህ ጽሑፍ ለተከሳሹ ጥብቅና ለመቆም የተሰናዳ ነው። ጥብቅናው ግን ቁጡ የሆነውን አባት ሁሉ አይመለከትም፤ የሚመለከተው የልጁ ጠያቂ ዓይኑን ከልጅቱ ይልቅ በበረቱና በማሳው ላይ ጥሏል ብሎ የሚጠረጥረውን አባት ብቻ ነው። ችሎቱ ደብረ ታቦር ላይ ቢሰየም ደግሞ ተገቢ ይሆናል፤ ከአማቱ እጅ ሚስት ብቻ ሳይሆን አገር ጭምር የተረከበ አማች የተዳረው በዚችው ከተማ ጌቶች ቤት ነውና።

የጥርጣሬው ሥር መሬት ነው። በጥንቱ በጌምድር፣ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ፣ ገበሬው የእርሻ መሬት የሚያገኝበት ዋነኛ መንገድ ርስት ነበር፤ ርስት ማለትም መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት የተወለዱ ሁሉ፣ በአባትም ሆነ በእናት ወገን ዘራቸውን ቆጥረው የሚጠይቁት የድርሻ መብት ነው። ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ ከዚህ ድርሻ ስለምትካፈል፣ እርስዋን ያገባ ሰው ከሚስቱ ጋር የሚያርሰው ማሳ፣ የሚሟገትበት የዘር ሐረግና ዕድሜ ልኩን የሚያኮርፈው የሚስት ወንድም አብሮ ያገኝ ነበር። በዚህ ላይ ማጫ አለ፤ ይኸውም ሁለቱ ወላጆች ለአዲሱ ጎጆ መቋቋሚያ በሽማግሌ ፊት ተነጋግረው የሚሰጡት ከብትና ገንዘብ ሲሆን፣ በሰማንያ ጋብቻ፣ ማለትም በውል ታስሮ በፍቺ ሊፈታ በሚችለው የጋብቻ ዓይነት፣ ጎጆው ሲፈርስ የሚቆጠረው እርሱ ነው። የፋርጣ ደገኛ አባት ከጉና ተራራ ብርድ ጋር እየታገለ ገብስ ዘርቶ ያፈራውን በሬ ለማያውቀው ሰው ከመስጠቱ በፊት ሰባት ቤት ዘር እንዲቆጠር ሲያዝ፣ በአፉ የሚናገረው ስለ ሥጋ ዝምድና ቢሆንም በልቡ የሚያጠናው ሌላ ነገር ነው፤ ከሰባቱ ትውልድ መካከል የሚስቱን ርስት ሸጦ የጠጣ ወይም በክርክር የጨረሰ ሰው አለ ወይስ የለም የሚለውን ነው።

የታሪኩ ማስረጃ ከዚህ ይጀምራል። ደብረ ታቦርን ራስ ጉግሣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መቀመጫቸው ካደረጓት በኋላ፣ ከተማይቱ የየጁ ራሶች ማዕከል ሆና ቆየች፤ ከእነዚህም የመጨረሻው ታላቅ ራስ፣ በልጅነታቸው ሥልጣን ላይ የወጡት ዳግማዊ ራስ አሊ፣ እናታቸው እቴጌ መነን ከጎንደር እያገዟቸው ያስተዳድሩ ነበር። በ1830ዎቹ ዓ.ም. ካሳ ኃይሉ የሚባሉ የቋራ ሽፍታ ቆላውን አላስገዛ ሲሉ፣ በእናትና በልጅ ምክር ቤት አንድ መላ ተገኘ፤ ለሽፍታው ቋራን ሹመት፣ የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ደግሞ ሚስት አድርጎ መስጠት ነበር። አማትና አማች በዕድሜ እምብዛም የማይራራቁ ከመሆናቸውም በላይ፣ በዚህ ጋብቻ ውስጥ ዘር የቆጠረ፣ ዋስ የጠየቀ፣ «ክረምቱ ይለፍና እናስብበት» ያለ ሰው ስለመኖሩ የሚነገር ነገር የለም። ማጫው የተሰጠው ጠያቂው ስለታመነ ሳይሆን ስለተፈራ ነበር፤ እንዲህ ዓይነቱን ጥሪት የባላገር ቋንቋ ማጫ ሳይሆን ጉቦ ብሎ ይጠራዋል።

ውጤቱን የማያውቅ አንባቢ ባይኖርም ቅደም ተከተሉ ለጥብቅናው ይጠቅማል። ከጠቡ ምክንያቶች አንዱ፣ ካሳ ቆስለው ሳሉ ለሐኪም የሚከፍሉት ላም ወደ እቴጌ መነን ቢልኩባቸው የተላከላቸው የሥጋ ብልት ብቻ መሆኑ ነው ተብሎ ይነገራል፤ ጥርጣሬያቸውን በጋብቻው ቀን ያልተጠቀሙበት አማቶች ቆጣቢነታቸውን በማይሆን ጊዜ አወጡት ማለት ነው። በ1839 ዓ.ም. አማችየው የሚስታቸውን አያት እቴጌ መነንን በጦርነት ማርከው፣ በጣና ዙሪያ ያለውን ግዛታቸውን እንደ ቤዛ ተቀብለው ለቀቋቸው። በ1845 ዓ.ም. ደግሞ የራስ አሊን የጦር አለቆች ጎርጎራ ላይ ካሸነፉ በኋላ፣ በሰኔ ወር አይሻል ላይ አማታቸውን ራሳቸውን ድል አደረጉ፤ ራስ አሊም ወደ ዘመዶቻቸው አገር ወደ የጁ ሸሹ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. አማቹ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ሲደፉ፣ የአማታቸው ከተማ ደብረ ታቦር በእጃቸው ነበረች።

እዚህ ላይ የተቃራኒው ወገን ጠበቃ ተነሥቶ «ካሳ ተዋበችን ከልባቸው ይወዷት አልነበረምን?» ብሎ እንደሚጠይቅ የታወቀ ነው። መልሱ እጅግ ይወዷት ነበር የሚል ነው። ተዋበችም ከአባቷ ይልቅ ለባሏ የወገነች ታማኝ ሚስት እንደነበረች የዘመኑ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ፣ በ1850 ዓ.ም. ስትሞትም የንጉሡ ሐዘን ከባድ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ መልስ ጠርጣራውን አባት ያጸድቀዋል እንጂ አያስወቅሰውም፤ ምክንያቱም አባትን የሚከሱት ሁሉ ጠያቂው ወይ ልጅቱን ይወዳል ወይ ሀብቱን ይወዳል ብለው ሁለቱን ለያይተው ሲያስቀምጡ፣ ካሳ ግን አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል በተግባር አሳይተዋል። ሚስታቸውን ወደዷት፤ የአባቷንም አገር ወሰዱ። ከዚያ በኋላ ያገቧትን የእቴጌ ጥሩወርቅን ጉዳይ በተመለከተ ደግሞ የሽማግሌው ሥርዓት ጭራሹን ተገልብጧል፤ አባትየው ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ጦርነት ድል ሆነው የታሰሩት ልጃቸው ከመጠየቋ ዓመታት በፊት በመሆኑ፣ እስረኛ አማት «እንመካከርበት» ለማለት ያለው ዕድል ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ከባሕር ማዶ የዚህ ክርክር ታዋቂ ተከሳሽ፣ አሜሪካዊው ደራሲ ሄንሪ ጄምስ በ1880 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ዋሽንግተን ስኩዌር» ልቦለድ ውስጥ የሚገኘው ዶክተር ስሎፐር ነው። ልጁ ካትሪን ከእናቷ በወረሰችው በዓመት 10,000 ዶላር ገቢ ላይ ከአባቷ ሌላ 20,000 የምትጠብቅ ስትሆን፣ ሥራ ፈት የሆነው መልከ መልካሙ ሞሪስ ታውንሴንድ ሊያገባት ይመጣል፤ አባት ይከለክላል፣ ልጁን ይዞ ለአንድ ዓመት ወደ አውሮፓ ይሄዳል፣ ጠያቂውም የአባትየው ገንዘብ እንደማይገኝ ሲያረጋግጥ ልጅቱን ትቶ ይጠፋል። አባት የተናገረው ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ አንባቢ የሚጠላው እርሱን ነው፤ ይህም በከፊል ይገባዋል፣ ምክንያቱም ጠያቂውን ሲመዝን በዚያው ሚዛን ልጁን ደደብና ዕድለ ቢስ ብሎ መዝኗታል። የደብረ ታቦር አባት ግን፣ ቢያንስ ደኅናው፣ «ልጄ አትረባም» ብሎ አይጠረጥርም፤ የሚጠረጥረው እጅግ ስለምትረባ ነው።

ጥብቅናው ድንበር አለው። በደቡብ ጎንደር ያለዕድሜ ጋብቻ የተለመደ ስለነበረ፣ ፊደል ያልጨረሰች ልጁን የጎረቤቱን ማሳ ከራሱ ለማቀራረብ የዳረ አባት ብዙ ነው፤ እዚያ ቤት ውስጥ ሀብት አዳኙ አባትየው ራሱ በመሆኑ፣ ይህ ጽሑፍ ለእርሱ የሚናገረው ቃል የለውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትና በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ጋብቻን በተጋቢዎቹ ፈቃድ ላይ ስለመሠረቱ፣ ሕጉም ዕድሜውን 18 ዓመት አድርጎ ስለወሰነው፣ የአባት ፊት መጥቆር ከእንግዲህ ምክር እንጂ ፍርድ አይደለም። ሆኖም ያው ሕግ፣ ተጋቢ ይዞት የመጣው ንብረት የግሉ ሆኖ እንደሚቀር ከደነገገ በኋላ፣ በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም እንኳ የግል መሆኑ እስኪረጋገጥ የጋራ እንደሆነ ይገምታል፤ አባትየውም አንቀጹን ሳያነብ «ጻፉት፣ ምስክር አቁሙበት» እያለ ሲጮህ የኖረው ስለዚሁ ነገር ነው።

ለጠርጣራው አባት የቀረለት መሣሪያ ጊዜ ብቻ ነው። ሀብት አዳኝ ብዙ ደጅ ስላለው አንዱ ደጅ ላይ ረጅም ክረምት መቆም ያከስረዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሽማግሌ በጥቅምት ሲመጣ «ዘር እንቁጠር»፣ ሁለተኛው ለገና ሲመለስ «ዘመድ አልተሰበሰበም»፣ ሦስተኛው ከፋሲካ በኋላ ሲገባ «ዝናቡ ይባራ» ይባላል፤ የዋሽንግተን ስኩዌሩ ሐኪም በመርከብ ያደረገውን የደብረ ታቦሩ አባት በጭቃና በበረዶ ያደርገዋል ማለት ነው። ጠያቂው ለመስከረም አራተኛ ሽማግሌ ከላከ፣ አባትየው ጥርጣሬውን ሳይተው ልጁን ይሰጣል፤ የማጫው ዝርዝር ግን ከነበሬዎቹ ቀለም፣ ዋሱ በሚሰማበት ቦታ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ያዝዛል።