የአሜሪካ ሐውልቶች በቦርደዴ ስልኮች፦ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት

የአሜሪካን ታሪካዊ ቦታዎች ለማጥናት አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ቦርደዴ በቂ ናት። ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለችው ይህች የቆላ ከተማ የሙዚየም እጥረት እንጂ የስልክ እጥረት የለባትም። ስልኩ ውስጥ ደግሞ ከሚኒያፖሊስ ወይም ከዋሽንግተን የተላከ የዘመድ ፎቶ አይጠፋም። መረጃው የተሰበሰበው በበርጫ ሰዓት ነው። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ምርቃናው ሲመጣ ትንታኔው ሳይጠየቅ ይፈስሳል።

ቀዳሚው ግኝት ልኬትን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1922 በተመረቀው የሊንከን መታሰቢያ ውስጥ የተቀመጠው ሐውልት ወደ 5.8 ሜትር ይጠጋል። በቦርደዴ ስልኮች ላይ ግን ከአክስት ልጅ ትከሻ አያልፍም። 169 ሜትር የሚረዝመው የዋሽንግተን ሐውልት በሁለት ጣት ተቆንጥጦ ተይዟል። የኒውዮርኳ የነፃነት ሐውልትም ችቦዋን ያነሣችው አዲስ ጃኬት በደንብ እንዲታይ መሆኑን ከምስሉ መረዳት አያዳግትም። አሜሪካኖች ሐውልት የሚያቆሙት ለጃኬት ጀርባ እንዲሆን ነው የሚለውን መላምት የሚያፈርስ ፎቶ እስካሁን አልቀረበም።

«የተቀመጠው ሽማግሌ ማነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ላኪው በድምፅ መልእክት «የድሮ መንግሥት ነው» ብሏል። አጥኚው በመልሱ ላይ የሚጨምረው የለውም።

የኢኮኖሚ ጎኑ ግን ጠንከር ያለ ምርምር ይሻል። በዋሽንግተን ያሉት የስሚዝሶንያን ሙዚየሞች መግቢያቸው በነፃ ነው። ይህ ሐቅ ፎቶው ላይ አይወጣም፤ የሚወጣው እምነ በረዱ ነው። እምነ በረዱ በታየ ማግስት ታዲያ «የቤቱ ቆርቆሮ ነገር እንዴት ሆነ?» የሚል ስልክ ይደወላል። ብልህ ዘመድ ሙዚየም ከመጎብኘቱ በፊት ደመወዙን ያስባል።

ለንጽጽር አንዲት ኢትዮጵያዊት መጥቀስ ግድ ይላል። የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2013 ሂዩስተንን፣ ሲያትልንና ኒውዮርክን አይታለች። ይህን ሁሉ ዓመት ተቀምጣ አንድም የራሷን ፎቶ አልላከችም፤ ሰው ከፍሎ እሷን አየ እንጂ። ወደ አገሯ ስትመለስ ደግሞ በብሔራዊ ሙዚየም ለጎብኚ የምትታየው ቅጂዋ ናት። ከስደት ተመላሾች መካከል ከዘመድ ጥያቄ በዚህ ዘዴ ያመለጠች ሌላ አልተመዘገበችም።

የአገር ውስጡን ጉብኝት በአጭሩ ማለፍ ይቻላል፤ የለምና። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡር በሚኤሶና በአሰቦት በኩል ነው ያለፈው። የአሰቦት ሥላሴ ገዳም ተራራው ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የተመዘገበው የሐረር ጀጎልም የሚገኘው በዚሁ መንገድ መጨረሻ ነው። በተመረመሩት ስልኮች ውስጥ የአንዳቸውም ፎቶ አልተገኘም። ምክንያቱ ሲጠየቅ «እዚሁ አይደለም እንዴ፣ የት ይሄዳል?» ተብሏል።

ስለዚህ ለእረፍት መጥታችሁ ወደ ድሬዳዋ የምታልፉ ዘመዶች፣ አሰቦት ላይ መኪናውን አቁሙና ተራራውን አንሱልን። እናንተ ትንሽ ወደ ጎን ቁሙ። ጃኬቱንም አውልቁት፤ አገሩ ቆላ ነው።