ጉሮሮ አስፊዎች

በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ገጠሮች የሚዘወተረው የአሮጌ ትራክተሮች የጉተታ ውድድር፣ ደንቡ ሲነገር ቀላል፣ ወጪው ሲሰላ ግን የጤና የማይመስል ጨዋታ ነው። ከእርሻ ጡረታ የወጣ ትራክተር ክብደት የተጫነበትን ተንሸራታች እየጎተተ 300 ጫማ፣ ማለትም 91 ሜትር ያህል እንዲሄድ ይጠበቅበታል፤ ተንሸራታቹ በተጎተተ ቁጥር ጭነቱ ወደ ፊት እየተሳበ መሬቱን ይበልጥ እንዲጫን ተደርጎ የተሠራ በመሆኑም፣ የመነሻው ሸክምና የመድረሻው ሸክም አይተዋወቁም። በ91ኛው ሜትር ላይ የሚጠብቅ አውድማም ሆነ ገበያ የለም።

ለዚህ ከንቱ ጉዞ ጉልበት ፍለጋ የሚወጣ ሰው ዓይኑን መጀመሪያ የሚጥለው በካርቡሬተሩ ላይ ነው። ካርቡሬተር አየርንና ቤንዚንን አዋህዶ ለሞተር የሚያጎርስ ዕቃ ሲሆን፣ በመካከሉ ቬንቹሪ የሚባል ጠባብ ጉሮሮ አለው፤ አየር በዚያ ሲያልፍ ስለሚፈጥንና ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ ቤንዚን በቀጭን ቀዳዳ ተጠብቶ ይወጣል። ጉሮሮው ስሙን የወሰደው ከጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ከጆቫኒ ባቲስታ ቬንቹሪ ነው፤ ሊቁ በ1822 ስላረፉ በስማቸው የሚፈጸመውን ሳያዩ ቀርተዋል።

የሚፈጸመውም ጉሮሮውን በመሰርሰሪያ ማስፋት ነው፤ ምክንያቱም ጉሮሮው ከሰፋ አየሩ ይበዛል፣ አየሩ ከበዛ ጉልበቱ ይበዛል ተብሎ ይታመናል። ይሁንና ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ከ1939 ጀምሮ ያመርተው የነበረው ፋርማል ኤም ሞተሩ 4 ሊትር ገደማ፣ የተወሰነለት ፍጥነትም በደቂቃ 1450 ዙር ሲሆን፣ በየሁለት ዙሩ አንዴ ብቻ ስለሚሞላ፣ ጥርግ አድርጎ ቢበላ እንኳ በደቂቃ ከ2900 ሊትር ብዙ ያልበለጠ አየር ነው የሚስበው፤ መሶቡ ስለሰፋ ሆድ አይሰፋም። እንዲያውም ጉሮሮው ከልክ ሲያልፍ አየሩ ይዝላል፣ ቤንዚኑን የሚጠባው ኃይልም ይደክማል፤ ይህም የሚብሰው ሸክሙ ከብዶ ሞተሩ በሚያቃስትበት፣ ባለቤቱም ተመልካቹን ቀና ብሎ ማየት በሚጀምርበት ሰዓት ነው።

ነገሩን የሚያውቁት በቤንዚኑ ቀዳዳ ይጀምራሉ። ቤንዚን ተሟልቶ ለመቃጠል በክብደት ወደ 14.7 እጅ አየር ሲፈልግ፣ ከፍተኛ ጉልበት የሚገኘው ግን አየሩ ወደ 12.5 እጅ ዝቅ ሲል ስለሆነ፣ ቀዳዳውን በጥቂቱ ማስፋት ፍሬ አለው፤ ችግሩ «በጥቂቱ» የሚለው ቃል መሰርሰሪያ በያዘ ሰው ዘንድ የታወቀ ልኬት የሌለው መሆኑ ነው። በዚያ ላይ የእነዚህ ትራክተሮች ቤንዚን ያለ ፓምፕ፣ በራሱ ክብደት ብቻ ከጋኑ ስለሚወርድ፣ የሰፋው ቀዳዳ ከሚወርደው በላይ ጠጥቶ ካርቡሬተሩን ባዶ ሊያስቀረው ይችላል። ከዚህ በኋላ ቱቦው ይወፍራል፣ ጋኑም ከፍ ይላል።

የተፋቀ ብረት ስለማይመለስ፣ የአሮጌ ዕቃ ሻጮችን እየዞረ «ሰው ያልነካው ካርቡሬተር አላችሁ?» ብሎ የሚጠይቀው ደንበኛ ብዙውን ጊዜ የራሱን የነካው ሰው ነው፤ የሚገዛውንም እስከ ቅዳሜ ድረስ አይነካውም።