ችክችካ በጀሞ አራተኛ ፎቅ

ድራም የሚመታ ሰው ከጎረቤት ጋር አይስማማም ይባላል። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ላይ ቤት ወንበር ሲጎተት ታች ቤት ይሰማል። ቢሆንም ሙዚቀኛ የሚኖረው ኪራይ በቻለበት ነው። ከጎፋ እስከ ለቡ፣ ከመካኒሳ እስከ ሐና ማርያም፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ መኝታ ቤታቸውን ስቱዲዮ ያደረጉ ልጆች አሉ። የእኛም ክፍል ከእነዚያ አንዷ ነበረች።

ድራመሩ ጓደኛዬ የኤሌክትሪክ ድራም ሴት ከዘመድ ተውሶ መጣ። ጎማና መረብ የለበሱ ፓዶቹን፣ ሞጁሉንና የብረት እግሮቹን ሊፍት በሌለው ፎቅ እየተቀባበልን አወጣን። ፓዱ ሲመታ ሞጁሉ ወደ ላፕቶፑ የሚልከው ድምፅ ሳይሆን ቁጥር ነው፤ አንዱ ቁጥር የትኛው ፓድ እንደተመታ፣ ሌላው ከ1 እስከ 127 ምን ያህል በኃይል እንደተመታ ይናገራል። ሚዲ የሚባለው ይህ መግባቢያ እ.ኤ.አ. በ1983 ነው ገበያ ላይ የዋለው። ሶፍትዌሩ ቁጥሩን ይቀበልና፣ ትልቅ ስቱዲዮ ውስጥ እውነተኛ ድራም ላይ ከተቀረጹት ሳምፕሎች የሚስማማውን መርጦ ያሰማል። አንድ ስኔር ብቻ በስሱም በብርቱም እየተመታ ደጋግሞ ተቀርጿል። ድራም በማይክ ለመቅረጽ ሰፊ ክፍል፣ ብዙ ማይክና ጸጥታ ለሚያስፈልገው ሰው ይህ ትልቅ እርዳታ ነው።

ጸጥታውን ግን አላገኘንም። ሁላችንም ሄድፎን አድርገን ስንሠራ በር ተንኳኳ። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት እናት ነበሩ።

«ልጆቼ፣ በዚህ ሌሊት ቡና የምትወቅጡት ለማን ነው?»

እሳቸው የሰሙት ኪኩን ነው። የእግር ፔዳሉ ፓዱን በመታ ቁጥር ንዝረቱ በወለሉ አልፎ ጣሪያቸው ላይ ያርፋል። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን» ብለን ወፍራም ስፖንጅ አነጠፍን፤ ላዩ ላይ ጣውላ ጋድመን ድራሙን እዚያ ላይ አቆምነው። ወርደው ሲያዳምጡ ንዝረቱ ቀንሷል፤ መርቀውን ተኙ።

ቀጥሎ ሃይሃቱ ዲዳ ሆነ። ላዩ ሲመታ ይሰማል፣ ጠርዙ ሲመታ ዝም። ሞጁሉ ለጠርዙ 22 ቁጥርን ይልካል፤ ሶፍትዌሩ ግን ዝግ ሃይሃትን የሚያውቀው በ42 ነው። የፓዶቹን ቁጥር አንድ በአንድ ከሳምፕሎቹ ጋር አገናኘን። እሱ ሲስተካከል ድምፁ መዘግየት አመጣ። ሳውንድ ካርዱ 1024 የድምፅ ናሙና እያጠራቀመ ሲልክ 23 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይሄዳል፤ እጁ መትቶ ጆሮው የሚጠብቅ ድራመር ደግሞ ይሰናከላል። ወደ 128 ስናወርደው ወደ 3 ሚሊ ሰከንድ ቀነሰ፤ ላፕቶፑ ግን ይንጣጣ ጀመር። ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ ስንዘጋለት ረጋ።

ይህን ሁሉ የደከምነው ለችክችካ ነበር። ጓደኛዬ ከልቡ መታው፤ ክፍሏ ውስጥ ትከሻው ያልተነቃነቀ አልነበረም። አቀናባሪያችን እንደተለመደው ምቶቹን ከኮምፒውተሩ መስመር ጋር እኩል አሰለፋቸው። መልሰን ስንሰማው እስክስታው ጠፍቷል። መስመሩ አንዱን ምት በአራት እኩል የሚከፍል ነው፤ ችክችካ ግን በስድስት ስምንተኛ፣ በሦስት በሦስት ይሄዳል። በሦስት ከፍለን ብንሞክርም ነፍሱ አልተመለሰችም። ስክሪኑ ላይ አጉልተን ስናይ የጓደኛዬ አንዳንድ ምቶች ከመስመሩ ጥቂት ዘግየት፣ አንዳንዶቹ ቀደም ብለው ተቀምጠዋል፤ ያውም በየዙሩ በአንድ ዓይነት መንገድ። ትከሻን የሚያስነሳው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ አምሐ እሸቴ በአምሐ ሬከርድስ ያሳተማቸው ሸክላዎች ትዝ አሉኝ። ሙዚቀኞቹ አብረው እየተጫወቱ ስለተቀረጹ ድራሙና ቤዙ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ ሲያፍን፣ ኋላም ኪቦርድና የድራም ማሽን ሲገቡ፣ የብዙ ካሴት ምት በአንድ ሰው ጣት ተሠራ። እነዚያን ካሴቶች እወዳቸዋለሁ፤ ያሳደጉኝ ናቸው። ከድራመሩ ወንበር ጋር የቀረብንን ግን ዛሬም አልተካነውም።

ምቱን እናሰልፈው ወይስ እንደተመታ እንተወው ብለን ስንከራከር መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪው ቆየ፤ ሞጁሉ ጠፋ። ያኔ ነው እማማ ሻማ ይዘው፣ ለልጃቸው ሠርግ የተገዛውን ከበሮ አሸክመው የመጡት። «በዚህ ምቱት፣ እሱ መብራት አይፈልግም» አሉ። ጓደኛዬ ትልቁን ፊት በመዳፉ፣ ትንሹን በጣቶቹ ሲመታ እሳቸው አጨበጨቡ። የእጃቸው ጭብጨባ ከመስመሩ ወጥቶ በስክሪኑ ካየነው ክፍተት ላይ ያርፍ ነበር።

መብራት ሲመጣ ያንኑ ከበሮ በአንድ ማይክ እየቀረጽን ሳምፕል አድርገን ጫንነው። ከዚያ ወዲህ የመረቡን ፓድ ስንመታ ከበሮው ይመልሳል፤ ምቱንም እንደተመታ እንተወዋለን፤ ከልብ የሳተውን ብቻ በእጃችን እናርማለን።

ኤሌክትሪክ ድራም ለአዲስ አበባ ሙዚቀኛ የሚገባ መሣሪያ ነው፤ ክፍል የሌለው ድራመር ወደ ቀረጻ እንዲመለስ በር ይከፍታል። ሶፍትዌሩ ይዞት የሚመጣው ግን በአብዛኛው የሮክና የፖፕ ድራም ነው፤ የእኛን ከበሮ ማንም መጥቶ አይቀርጽልንም። በእያንዳንዱ ሰፈር ከበሮ አለ፤ የሠርግ፣ የማኅበር፣ የዘፈን። ትልቁን ፊት፣ ትንሹን ፊት፣ በመዳፍ፣ በጣት፣ ከስስ እስከ ብርቱ፣ እያንዳንዱን ደጋግማችሁ ቅረጹ። አንድ ማይክና አንድ የእሑድ ጠዋት ይበቃል። ከዚያም ለሌላው ሙዚቀኛ አካፍሉ።