ፎቅ ይብዛልን

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ጣርማ በር ላይ የተከናነበውን ጋቢ ደብረ ሲና ሲደርስ ከትከሻው ያወርደዋል፤ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ሸሚዙንም ማውለቅ ያምረዋል። የይፋት ቆላ እንዲህ ነው። ምድሩ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ማሾና ማንጎ ያበቅላል፤ ጥላ ግን ገንዘብ ያስወጣል። እንግዲህ በዚህ አገር ነጋዴ ምን ዓይነት ቤት ያስፈልገዋል ቢባል፣ ያልተማረ ሰው ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ነፋስ የሚያሳልፍ ሰፊ ወለል፣ አይሱዙ ጀርባውን ሰጥቶ የሚጭንበት ደጅ ይላል። የተማረው ግን ያውቃል። የሚያስፈልገው ፎቅ ነው።

በከተሞቻችን ዋና መንገድ ዳር ቦታ ይዞ የግንባታ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ምን እንደሚሸጥ ከመጠየቁ በፊት ስንት ወለል እንደሚቆልል ይነገረዋል። መጋዘን ለመስመሩ አይመጥንም። ባለ አንድ ወለል ሱቅ የከተማውን ገጽታ ያበላሻል። ጂ ፕላስ ቱ ይሁን፣ ቢቻል ከዚያም በላይ። እኔ በበኩሌ ሐሳቡን ከልቤ እደግፋለሁ። ምድር ቤት የተከመረ ሽንኩርት ይበሰብሳል፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር የተከመረ ግን ለመበስበስ ፋታ ሳያገኝ ደርቆ ያልቃል። ተሸካሚውም ኬሻውን አዝሎ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ጤናው ይጠበቃል።

ቦታውን ማግኘትም ከባድ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። እውነትም አይሸጥም፤ በጨረታ ብዙ ላቀረበ በሊዝ ይሰጣል እንጂ። መርካቶ ላይ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ300 ሺህ ብር በላይ ያቀረበ ተጫራች ታይቷል። አለመሸጡ በጀን፤ ቢሸጥ ኖሮ ስንት ሊገባ ነበር! በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለንግድ ቦታ በአዲስ አበባ 60 ዓመት፣ በሌሎች ከተሞች 70 ዓመት ይፈቅዳል። የሸዋ ሮቢት ነጋዴ የመርካቶውን በ10 ዓመት ይበልጠዋል፤ የሙቀት ካሣ ይመስለኛል።

ግንባታውን ለመጨረስ ግን 70 ዓመት አይጠበቅም። ለአነስተኛ ግንባታ 24 ወር፣ ለመካከለኛ 36፣ ለትልቅ 48። አንድ የሸዋ ሮቢት ነጋዴ በመስከረም 2013 ውል ፈርሞ 36 ወር ተሰጠው እንበል። ገና ዓመት ሳይሞላው፣ በዚያው በጋ ማብቂያ ላይ የከተማዋ አጎራባች አጣዬ ነደደች። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ራሱ ሸዋ ሮቢት ገባ፤ ነጋዴው ከደንበኞቹ ጋር ተሰደደ። ተመልሶ አሸዋውን ሲያራግፍ፣ ሐምሌ 2015 መገባደጃ ላይ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መንገዱም አንዴ ክፍት አንዴ ዝግ ሆነ። በነሐሴ፣ ልክ በ36ኛው ወር፣ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። ሰውዬው ይህን ሁሉ ታግሦ ፌሮ ሊገዛ ሲነሳ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። መቼም ሕጉ ማራዘሚያ አያውቅም አልልም። ያውቃል። ማመልከቻ ጽፎ መመላለስ ብቻ ነው፣ መንገዱ ሲከፈት።

ታሪክም ይደግፈናል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ይሁን ብሎ አወጀ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ለቀበሌ ተላለፉ። ያን ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ የሠራ ተወረሰ። ዛሬ ከሚያስፈልገው በላይ ያልሠራ ውሉ ይቋረጥበታል። መንግሥታት ተለዋውጠዋል፣ ትርፉ ቤት ግን የመንግሥት ጉዳይ እንደሆነ ቀርቷል።

ውጤቱን በየከተማው ዋና መንገድ ዳር ቆሞ ማየት ይቻላል። ምድር ቤቱ ተለስኖ፣ የብረት በር ገብቶለት፣ ሱቅ ተከፍቶበታል። ከላዩ ያለው ወለል ግድግዳ የለውም። ከዚያም በላይ ፌሮው እንደ ተቆረጠ ማሽላ አገዳ ወደ ሰማይ ቆሟል፤ የባሕር ዛፉ መወጣጫም እንደ ተደገፈ ደርቋል። ይህን ሕንፃ ያላለቀ የሚሉ ሰዎች አልገባቸውም። አልቋል። ገንዘቡ አልቋል።

ያለቀውን ገንዘብ የሚተካው ማን ነው? ምድር ቤቱን የተከራየው ባለ ሱቅ ነዋ! አከራዩ የሊዙን ክፍያ፣ የባንኩን ወለድ፣ ሰው የማይወጣበትን የላይኛውን ወለል ኮንክሪት፣ ሁሉንም ደምሮ በአንዲት ክፍል ኪራይ ላይ ይጭነዋል። ስለዚህ እዚያች ክፍል ውስጥ ሳሙናና ዘይት የሚቸረችር ሰው በየወሩ የሦስት ወለል ኪራይ ይከፍላል፤ የሚጠቀመው በአንዱ ነው። ዘይቱ ለምን ተወደደ ብሎ የሚጠይቅ ሸማች ቀና ብሎ ፌሮውን ይቁጠር። አከራዩንም አልወቅስም፤ ለእሱ ቢተውለት መጋዘን ሠርቶ በጊዜ ያከራይ ነበር።

ተከራዩስ ከለላ የለውም? አለው እንጂ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይ እንደፈለገ ኪራይ መጨመር አይችልም፤ ውሉም ከሁለት ዓመት አያንስም። አዋጁ ግን የመኖሪያ ቤት ነው። ነጋዴው እንግዲህ ተኝቶ ሳለ በሕግ ይጠበቃል፤ ጠዋት ተነሥቶ ሱቁን ሲከፍት ከደላላና ከአከራይ ጋር ለብቻው ይፋጠጣል። አርፎ ቢተኛ ይሻለው ነበር።

ገጽታው ለማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። የሽንኩርት ገበሬው ወደ ላይ የሚያየው ዝናብ ሲጠብቅ ነው። ፎቁን ቀና ብሎ የሚያየው በመኪና የሚያልፈው እንግዳ ይሆናል፤ እሱም ማንጎ እስኪገዛ ነው። በ2016 ፒያሳ ፈርሶ መብራትና አበባ ሲተከልበት ያየ የክልል ከተማ ሁሉ ለአላፊ አግዳሚ ማማር አምሮታል፤ አያስወቅስም። እኔስ ለቁጠባ ያህል ፊት ለፊቱ ብቻ ይገንባ፣ ከኋላው መጋዘኑ ይቀመጥ እል ነበር፤ ግን ሐሳቡ ደረጃውን አልጠበቀም እንዳልባል ፈራሁ።

ስለዚህ አንድ ልመና ብቻ ላቅርብ። ሁለተኛውን ፎቅ ያዘዘው መሥሪያ ቤት ራሱ ይከራየው። ኪራዩን እንደ ማንኛውም ነጋዴ የዓመት ቅድሚያ ይክፈል። ሊፍት የለም፤ ሊፍት በጀት ይጠይቃል። የግንባታ ፈቃድ ባለሙያው በግንቦት እኩለ ቀን ከቆርቆሮው ሥር ተቀምጦ ፋይል ያገላብጥ፤ የሽንኩርት ነጋዴውም የማራዘሚያ ማመልከቻውን ይዞ ደረጃውን ይውጣ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ከተባለ ወርዶ አንድ አይሱዙ ይጭናል፣ ሒሳቡን ይቀበላል፣ ምሳውን ይበላል፣ ተመልሶ ይወጣል። ስብሰባው እስከዚያ አያልቅም።