አምስተኛው ቅኝት፦ ጥዝታ

የኢትዮጵያ ሙዚቃ አራት ቅኝት አለው እየተባለ ሲቆጠር ኖሯል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ቆጠራው ግን አርጅቷል። በየሰፈሩ፣ ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶን በተለበጠ ጠባብ ክፍል ውስጥ አምስተኛው ተወልዷል። ስሙም ጥዝታ ይባላል።

አወላለዱ እንዲህ ነው። አንድ ወጣት አቀናባሪ ዓመት ሙሉ ገንዘብ ያጠራቅማል፤ ከውጭ ከሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ለምኖ ድራም ማሽን ያስመጣል። ማሽኑ ሲደርስ ካርቶኑን እንደ ሙሽራ ቀስ ብሎ ይገልጣል። ገመድ ላይ ሲደርስ ግን ትዕግሥቱም ኪሱም ያልቃል። ከመሳቢያ ውስጥ የተገኘ ቀጭን የሄድፎን ገመድ፣ በእሱ ላይ አንድ ኮንቨርተር፣ በኮንቨርተሩ ላይ ሌላ ኮንቨርተር ይቀጣጠልና ከማሽኑ የሄድፎን መውጫ ተነሥቶ የሳውንድ ካርዱ ማይክ መግቢያ ውስጥ ይሰካል። «ገብቷል አይደል?» ይላል። በእርግጥም ገብቷል። ድምፁ አነሰ ሲባል ጌይኑ እስከ ጥግ ይዞራል፣ ቀይዋ መብራት ትበራለች፤ ቀይ ማለት ደግሞ «እሳት ነው» ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ለቤተሰብ ሠርግ የሚሆን ዘፈን በእንዲህ ያለ ክፍል ሲቀናበር ግማሽ ቀን ተቀምጦ ሰምቷል። «ባስ ድራሙ የት ሄደ?» ብሎ ቢጠይቅ «ሚክስ ላይ ይመጣል» ተባለ። አልመጣም።

የጠፋበት መንገድ ግን ሊደነቅ ይገባዋል። የስቴሪዮ ገመድ ግራውን ድምፅ በጫፉ፣ ቀኙን በቀለበቱ ይሸከማል። ገመዱ የተሰካበት፣ ባላንስድ የሚባለው የማይክ መግቢያ በበኩሉ በጫፉና በቀለበቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ እንዲያሳልፍ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ በሁለቱም ላይ እኩል የመጣውን ሁሉ እንደ ረብሻ ቆጥሮ ይጥለዋል። ባስ ድራምና ስኔር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መሀል ላይ፣ በግራም በቀኝም እኩል የሚቀመጡ ናቸው። ስለዚህ መግቢያው የታዘዘውን በታማኝነት ፈጽሞ ከበሮውን ይጥልና ዳር ዳር የቆሙትን ሲምባሎች ብቻ ያሳልፋል። ከበሮ የሌለው የከበሮ ማሽን! ቤተ ክርስቲያን በዐቢይ ጾም ከበሮ በማትመታበት አገር፣ እንዲህ ሳይነገረው የሚጾም መሣሪያ ማግኘት መታደል ነው።

የሚያሳዝኑት መሐንዲሶቹ ናቸው። ሮላንድ የተባለው ኩባንያ ቲአር-808 የተባለውን ድራም ማሽን በ1980 (እ.ኤ.አ.) ሲያወጣ ለባስ ድራሙ፣ ለስኔሩ፣ ለሲምባሉ ለየብቻ መውጫ ሠርቶ ከጀርባው ደረደረለት። ዘፋኙ ማርቪን ጌይ በ1982 «ሴክሹዋል ሂሊንግ»ን የሠራበት ማሽን ይህ ነው። ቲአር-8ኤስ የተባለው የ2018ቱ ዘመድ ደግሞ ድምፆቹን ለየብቻ በአንዲት የዩኤስቢ ገመድ ወደ ኮምፒውተር ያስተላልፋል። ይህ ሁሉ ልፋት ለምን አስፈለገ? አንድ የሄድፎን ቀዳዳ ሠርተው ቢያርፉ ይበቃቸው ነበር።

ወደ ጥዝታ እንመለስ። ማሽኑ ከአንድ ሶኬት፣ ኮምፒውተሩ ከሌላ ሶኬት መብራት ይወስዳሉ፤ የሁለቱ ኧርዝ በድምፅ ገመዱ በኩል ይገናኝና ክብ ይሠራል። በዚያ ክብ የሚዞረውን የመብራት እርግብግቢት እስከ ጥግ የተከፈተው ጌይን ያጎላዋል፣ ስፒከሩም ጥዝዝ ይላል። አላዋቂ «ረብሻ ነው» ይላል። የበገና ደርዳሪስ በየአውታሩ ሥር እንዚራ የተባለች ቁራጭ ቆዳ የሚያስገባው አውታሩ ጥዝ እንዲል አይደለም? አባቶች በቆዳ ያገኙትን ልጆች በኮንቨርተር አገኙት።

ክብሩ በዚህ አያበቃም። የኢትዮጵያ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይርገበገባል፤ ይህም በፒያኖ ላይ ከዝቅተኛው ሶል ጥቂት ከፍ ያለ ድምፅ ነው። ዘፋኟ ከጥዝታው ጋር እንዳትጋጭ በእሱ መቃኘት አለባት፤ ማሲንቆውም፣ ክራሩም እንደዚሁ። እንግዲህ የአገሪቱ ዋና ቃኚ ሙዚቀኛ መሆኑ ቀርቷል፤ እንደ ግልገል ጊቤ ሦስት ያለ የኃይል ማመንጫ ግድብ ነው። ግድቡ 10 ተርባይን አለው፤ በገናም 10 አውታር አለው። ይህ አጋጣሚ ነው የሚል ካለ ጆሮ የለውም።

ችግሩ ዘፋኟ ለኮንሰርት ስትወጣ ይመጣል። ፍራንክፈርት፣ ቴል አቪቭና ዱባይ ላይ መብራቱ 50 ስለሆነ በሰላም ትዘፍናለች። ሪያድና ዋሽንግተን ላይ ግን 60 ነው። ከ50 ወደ 60 ሲኬድ ድምፁ ሦስት ግማሽ ኖታ ያህል ይወጣል፤ የሚያርፈውም በሲ ቤሞልና በሲ መካከል፣ ፒያኖው ቁልፍ ባላበጀለት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ቪዛ ስትጠይቅ ፓስፖርቷን ብቻ ሳይሆን ጉሮሮዋንም ማሳየት ይኖርባታል። አጃቢዋ የፒያኖ ተጫዋች ደግሞ በሁለት ቁልፎች መካከል የሚገባ ቀጭን ጣት ማብቀል አለበት። በጀነሬተር የሚሠራ ሠርግ ላይማ ጉዳዩ ይብሳል፤ ከጓሮ አንዲት እናት የኤሌክትሪክ ምጣድ ስትሰካ ሞተሩ ይደክማል፣ እርግብግቢቱ ይወርዳል፣ ዘፋኟም አብራ ትወርዳለች። እንጀራው ሲወጣ ደግሞ ትነሣለች። ወደፊት የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪ «ይህን ዘፈን በምን ቁልፍ ነው የምትጫወተው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ስንት እንጀራ ቀርቷል?» ብሎ ይመልሳል።

ሌሎቹ በረከቶች አጭር ናቸው። የማይክ መግቢያው የሚልከውን 48 ቮልት ሳያጠፉ መሰካት ማሽኑን በነፃ ያሞቀዋል። ስፒከሩ እንደበራ ገመድ መንቀል ጎረቤትን በአንዲት ጧታ ከእንቅልፍ ያስነሣል።

ይህ ስንፍና ነው። ሌላ ስም የለውም። የዓመት ቁጠባ የወጣበትን መሣሪያ በኮንቨርተር አንቆ፣ የሌላ ሰው ሠርግ አበላሽቶ «ሚክስ ላይ ይመጣል» ማለት ደንበኛን መናቅ ነው። ትክክለኛው ሥራ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሁለት ባለ 6.35 ሚሊ ሜትር ገመድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከግራ መውጫ ወደ መግቢያ 1፣ ሌላው ከቀኝ መውጫ ወደ መግቢያ 2። መግቢያው ላይን ላይ ይደረጋል። ጌይኑ ከታች ተነሥቶ፣ ኃይለኛው ምት ከዜሮ ዲሲቤል ከ6 እስከ 12 ዝቅ ብሎ እስኪደርስ ብቻ ይከፈታል። ስፒከሮቹ ከሳውንድ ካርዱ ጀርባ ይሰካሉ፤ ሲከፈት መጨረሻ፣ ሲዘጋ መጀመሪያ። ሁሉም ከአንድ ማከፋፈያ መብራት ይወስዳሉ። እንደ ኮርግ ቮልካ ቢትስ ያለ ትንሽ ማሽን ያለው መውጫ የሄድፎኑ ብቻ ቢሆን እንኳ ግራና ቀኙን ለሁለት የሚከፍል ገመድ አለ። መመሪያውም ካርቶኑ ውስጥ፣ ላስቲኩ ሳይቀደድ ተቀምጧል።

ድራም ማሽን ራሱ ምን በደለ? ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ብቻውን ሆኖ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋህዶ የቀዳው አልበም በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለምን ዞሯል። እዚያ ውስጥ ከበሮው አለ።

ሠርጉ ደረሰ። ሙሽሮቹ ሲገቡ ዘፈኑ ተለቀቀ፤ ሲምባል ብቻ ጽ ጽ እያለ፣ ጥዝታው ከሥር እያጀበ፣ ሰዉም በየት በኩል እንደሚያጨበጭብ ግራ ገብቶት ቆመ። ከዚያ መብራት ጠፋ። በጨለማው ውስጥ አክስቶች ከበሮ አንሥተው መቱ፤ አዳራሹም በአንዴ ገባበት። አቀናባሪው ስልኩን አውጥቶ እየሮጠ መጣና ከከበሮው አጠገብ ዘረጋው፤ ድምፁን ቀድቶ ማሽኑ ውስጥ ሊያስገባው። በየትኛው ገመድ እንደሚያስገባው የጠየቀው የለም።