ስለ «እዚችው ናት» ርቀት፦ ቅድመ ጥናት

ከዋሽንግተን ደለስ እስከ ቦሌ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው፤ አውሮፕላኑ መሀል ላይ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ይገባል። ከቦሌ ባሕር ዳር ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል ይበረራል። ይህ ሁሉ ትኬት ላይ ስለተጻፈ ለተመራማሪ የሚተርፍ ነገር የለውም። ጥናታችን የሚጀምረው መኪናው ደብረ ታቦርን አልፎ፣ የጉናን ትከሻ በቻይና መንገድ ታክኮ፣ መንገደኛውን ጋይንት ላይ ከነሻንጣው ካራገፈው በኋላ ነው።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ርቀት በሦስት ነገር ይለካል፤ በፀሐይ፣ በድምፅና በአገጭ። የፀሐዩ («እዚህ ስትሆን ትደርሳለህ» ተብሎ ሰማይ የሚጠቆምበት) ሁልጊዜ ልክ ስለሚሆን አጥኚውን አይስብም። አገጭ የሚያገለግለው ሁለቱም እጆች ትከሻ ላይ በተጋደመ ዱላ ሲያዙ ነው። በድምፅ ከሆነ «እዚያ ማዶ» አንድ ወንዝ፣ «እዚያያያ ማዶ» ደግሞ ስንቅ ነው።

«እዚችው ናት» ግን ከሦስቱም አይመደብም። የእረኛው «እዚችው ናት» ፍየል ተከትሎ የሚሮጥ ሰው ልክ ነው። የባለአህያው ጓደኛ ፍለጋ ነው፤ እሱም እዚያው ይሄዳላ። በቦታው ደርሶ የማያውቀው ሰው «እዚችው ናት» ከሁሉም ያለጥርጥር የሚነገረው ነው። ረጅም ጥናት የሚገባው ግን የእናቶች ነው። እማማ ከደጅ ወጥተው፣ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ከልለው፣ መንገደኛውን ከጫማው እስከ ግንባሩ ያዩታል። «እዚችው ናት ልጄ፣ ልውደቅልህ» ይላሉ። እውነቱን ቢሰማ ጉልበቱ ይከዳዋል ብለው ነው። ስለዚህ ቃላቸውን ትቶ ግብዣቸውን መመዝገብ ይሻላል። «ውኃ ልስጥህ?» ካሉ በእርግጥም ቅርብ ነው። «ጠላ ቅመስ» ካሉ ዳገት አለ። «እንጀራ ሳትቀምስማ አትሄድም» ካሉ ገደል አለ። «እዚችው ናት፤ ግን ዛሬ እዚሁ እደር» ካሉ ሻንጣውን ማስቀመጥ ነው።

መሄድና መመለስ እኩል አለመሆናቸውን አቪዬሽንም ደርሶበታል። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፤ አውሮፕላን ሰውም ጭነትም ነዳጅም ሞልቶ መነሣት ያቅተዋል። ስለዚህ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ እንደ ዘመኑ ሮም ወይም ደብሊን አርፎ ይቀዳል፤ ሲመለስ ግን በአንድ ትንፋሽ ይመጣል። ከስማዳ ወደ በሽሎ በረሃ የወረደ ገበሬ ይህን ለማወቅ ሞተር አላስፈለገውም፤ «መውረዱስ እዚችው ናት፤ መውጣቱ ነው» ይላል።

አሜሪካ ልጅ ያላቸውን አንዲት እናት አገሩ ይርቅ እንደሆነ ብንጠይቃቸው፣ «ምኑ ይርቃል! ቁጭ ብሎ፣ እየበላ፣ ተኝቶ ነው የደረሰው። መንገድስ ከዚህ ወገዳ ነው» አሉን። ወገዳ ስንት ሰዓት ያስሄዳል?

«እዚችው ናት። ይልቅ ግባ፣ እንጀራ ቀርቧል።»